ከነጥቡ በፊት መዝገቡን

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ በእኛ በሬጅስትራሮች ላይ ሁለት ሥራ ይደራረባል፤ የመዝገብ ቆጠራና የሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም ምዘና። ሁለቱ ስለሚገጣጠሙ ሰውንም መቁጠር ይቀናናል፦ ይህን ያህል መዝገብ ከፈተ፣ ይህን ያህል መጥሪያ አወጣ፣ ይህን ያህል ግልባጭ ሰጠ።

እስቲ ሁለት መጥሪያ ጎን ለጎን እንያቸው። በአንደኛው የተከሳሹ ስም እስከ አያት፣ ወረዳው፣ የቤት ቁጥሩና ስልኩ ተሟልቷል። በሌላው ስምና «አዲስ አበባ» ብቻ ተጽፏል። በምዘናው ቅጽ ሁለቱም እኩል አንድ አንድ ናቸው። ሁለተኛው ግን «ተከሳሹ አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል፤ ችሎቱ ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ከሳሽ ይመላለሳል። ጸሐፊው መጥሪያውን እንደገና ሲያወጣ ደግሞ ቁጥሩ ይጨምርለታል!

ግልባጭም እንዲሁ ነው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ግልባጩ ከዘገየበት ባለጉዳዩ ስለ ፍርዱ ከመከራከሩ በፊት ስለ መዘግየቱ ሊከራከር ይችላል።

ሰው ላለማስቀየም ለሁሉም 90 እና 95 ስንሰጥ ደግሞ የባሰ እንበድላለን። ለዕድገት ውድድር ሲቀርቡ የምዘናው ነጥብ አይለያቸውም፤ የትምህርት ማስረጃ ያለው ያልፋል። ጎበዙም ማታ ሕግ ተምሮ ይሄዳል። መማሩ ደግ ነው፤ ማደግ የሚቻለው ጸሐፊነትን በመተው ብቻ ከሆነ ግን መዝገብ ቤቱ ሁልጊዜ በለማጅ እጅ ይቀራል።

እኔ ቅጹን ከመሙላቴ በፊት ከየጸሐፊው ጥቂት መዝገቦች ሳልመርጥ አወጣለሁ። ገጹ በተራ ተቆጥሯል? የመከላከያ መልሱ ተያይዟል? በትዕዛዙ ላይ ያለው ቀጠሮ ከአጀንዳው ጋር ይገጥማል? ዳኛውንም፣ በጸሐፊው ጉድለት የተለወጠ ቀጠሮ እንዳለ እጠይቃለሁ። ከዚያ ጸሐፊውን ጠርቼ ያገኘሁትን መዝገቡን ገልጬ አሳየዋለሁ። «ለምን 82 ሆነ?» ቢለኝ መልሱ ፊቱ አለ።

ነጥብ የምትሰጡ ኃላፊዎች ሆይ፣ የጸሐፊ ሥራ ያለው መዝገቡ ውስጥ ነው። ሳትገልጡት አትፈርሙ።