መታዘዝን ብቻ የተማረ ልጅ፤ በ«ምስጢራዊው ወኪል» ልብ ወለድ ላይ የቀረበ ሂስ

ጆዜፍ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1907 ያሳተመው «ምስጢራዊው ወኪል» የተባለው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ዘወትር የሚታወቀው በስለላና በሤራ ታሪክነቱ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1894 በለንደን ግሪንዊች የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ አጠገብ የደረሰው ፍንዳታ ነው። መምህር የሆነ አንባቢ ግን ከሰላዩ ከቨርሎክ ይልቅ ዓይኑ የሚያርፈው በሚስቱ ወንድም በስቲቪ ላይ ነው።

ስቲቪ የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለበት፣ ሲደነግጥ አንደበቱ የሚተሳሰር፣ በወረቀት ላይ ክብ በክብ እየደራረበ ሲሥል የሚውል ወጣት ነው። በልጅነቱ አባቱ ይደበድበው ነበር፤ በመካከል እየገባች ዱላውን የምትቀበልለት እኅቱ ዊኒ ነበረች። ቨርሎክን ያገባችውም ወንድሟ መጠጊያ እንዲያገኝ ስትል ነው። እናቱም ልጇ በአማቿ ቤት ሸክም እንዳይባል በማሰብ ራሷ ወደ ድኾች መጦሪያ ትገባለች።

የድርሰቱ ብርታት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ስቲቪን ለጥፋት የሚያመቻቸው የአባቱ ዱላ ብቻ ሳይሆን የወዳጆቹ ትምህርት ጭምር ነው። እናትና እኅት ከቤት እንዳይባረር በመሥጋት ቨርሎክ ደግ ሰው መሆኑን፣ ቃሉም የማይታለፍ መሆኑን በልቡ ያሳድሩበታል። ወንድሟን ይዞት እንዲወጣ ባሏን የምታግባባውም ዊኒ ራሷ ናት። ስለሆነም ቨርሎክ ቦምቡን ሲያሸክመው ስቲቪ ያለ ጥያቄ ይቀበላል፤ የዛፍ ሥር አደናቅፎት ይወድቅና በፍንዳታው ይሞታል። እንዳይጠፋ በማለት ዊኒ በካፖርቱ ውስጥ የሰፋችው አድራሻም ፖሊስን ወደ ቤቱ ይመራል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። በስምንተኛው ምዕራፍ ስቲቪ ለሚገረፈው የጋሪ ፈረስም ለድኻው ባለጋሪም በአንድነት ሲያዝን፣ ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ የላቀ የፍትሕ ስሜት ያለው እርሱ መሆኑ ይታያል። ሆኖም ደራሲው ከዚያ በኋላ ድምፁን ያጠፋዋል፤ ሞቱን የምንሰማው ከሌሎች አንደበት ነው፤ ሐዘኑም የዊኒ ታሪክ ሆኖ ይቀራል። በዚህም ስቲቪ የራሱ ታሪክ ባለቤት ሳይሆን ያልፋል።

ደራሲው በምፀት እንደሚነግረን፣ ስቲቪ በግዴታ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተምሯል። እንቢ ማለትን ግን ማንም አላስተማረውም። ይህ ትችት እኛንም ይነካል። ልዩ ፍላጎት ያለው ተማሪ ጸጥ ብሎ ሲታዘዝ በውጤት ካርዱ ላይ «ጠባይ» በሚለው ረድፍ ከፍተኛውን ምልክት እንሰጠዋለን፤ ዝምታው የፍርሃት መሆን አለመሆኑን ግን አንመረምርም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በዐሥራ ስድስተኛው አንቀጹ ከጥቃት የመጠበቅን መብት በቤት ውስጥ ጭምር ይደነግጋል። መብቱ ለልጁ የሚደርሰው የጎዳውን ሰው ለይቶ ለመናገር ሲችል፣ የሚሰማው መምህርም ሲያገኝ ነው። በመሆኑም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ከፊደልና ከቁጥር ጎን ለጎን ሰውነቱን የማወቅ፣ የመከልከልና እርዳታ የመጠየቅ ትምህርት ሊመድቡለት ይገባል። መጽሐፉን ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ንባብ የምናሳስበውም በዚሁ ምክንያት ነው።