ሲስተምን ከሀርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ማሻገር

ሀርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ሳህኑ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ የማንበቢያው ራስ ከሳህኑ በጥቂት ናኖሜትር ከፍ ብሎ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ መረጃ በተፈለገ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አንዱ ምልልስ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ዊንዶውስ ሲነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ስለሚለቃቅም መዘግየቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ያንኑ ፍለጋ በሚሊ ሰከንድ ክፋይ ይጨርሰዋል። የቆየ ላፕቶፕን ለማፍጠን ከዚህ የተሻለ ወጪ ማግኘት ያስቸግራል።

በአማራ ክልል አዊ ዞን ውስጥ ሌላም ምክንያት ይጨመራል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዳንግላም ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የላፕቶፕ ሀርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተብሎ ነው፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር ራሱን የሚያንሳፍፈው ግፊት ይቀንስና ራሱ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። እንጅባራ ከገደቡ በታች ስለሆነች ዲስኩ ያለ ችግር ይሠራል። ሳይዘጋ በባጃጅ ተጭኖ ኮብልስቶን ላይ ለሚንገጫገጭ ላፕቶፕ ግን የቀረው ክፍተት ጠባብ ነው።

ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ላፕቶፑ ተከፍቶ መታየት አለበት። ዕቃው የሚገዛው ባሕር ዳር ከሆነ፣ ዳንግላ ከዚያ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ እንጅባራ ደግሞ ከመቶ በላይ፤ የማይገጥም ኤስኤስዲ ይዞ መመለስ የአንድ ቀን መንገድና የትራንስፖርት ገንዘብ ያስከፍላል። የቆዩት ላፕቶፖች የሚቀበሉት 2.5 ኢንች የሆነውን፣ በሳታ የሚገናኘውን ነው። አዳዲሶቹ እንደ ማስቲካ ቀጭንና ረዘም ያለውን፣ 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለውን ኤም ዶት ቱ ይቀበላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ ይሳሳታል፤ ኤም ዶት ቱ ቅርጹን እንጂ አሠራሩን አይነግርም። ከውስጡ ሳታም ኤንቪኤምኢም ሊሆን ይችላል፤ አንዱን ብቻ የሚያነብ ማዘርቦርድ ሌላውን ጨርሶ አያየውም። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው መጠንም በቂ ማስረጃ አይደለም። ዋጋው ከገበያው በጣም የወረደ ኤስኤስዲ ከተገኘ እስከ መጨረሻው ድረስ መረጃ ጽፎ መልሶ በሚያነብ ፕሮግራም መፈተሽ ይገባዋል፤ በሐሰት ትልቅ መጠን የሚያሳዩ ዲስኮች አሉና።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ዊንዶውስን አዲስ መጫን ይሻላል ወይስ ያለውን እንዳለ መገልበጥ (ክሎን ማድረግ) የሚለው ነው። አዲስ መጫን ንጹሕ ሲስተም ይሰጣል፤ በቫይረስ ለተጎዳ ማሽን ትክክለኛው መንገድም እሱ ነው። ይሁን እንጂ ድራይቨሩ፣ ኦፊሱ፣ ማሻሻያው ሁሉ እንደገና መውረድ አለበት። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ መጫኛውን በፍላሽ ያላስቀመጠ ሠራተኛ ይህን መንገድ መከተል አይችልም ነበር።

ክሎንን የሚያስመርጠው ትልቁ ነገር ግን ፎንት ነው። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ኒያላን ባካተተው በቪስታ ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ በየጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ የተጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የቆዩ ፎንቶች ነው። እነዚህ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሰነዱ ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። በአውንጊ የተጻፈ የትምህርት ጽሑፍም ጘ እና ዘሮቿን የያዘ ፎንት ይፈልጋል። የላፕቶፑ ባለቤት የትኛው ፎንት እንደተጫነለት ብዙውን ጊዜ አያውቅም፤ መጫኛውም ከጠፋ ቆይቷል። ክሎን ይህን ሁሉ ሳይጠየቅ ይዞ ይሻገራል።

ክሎን በባሕርዩ ለሠራተኛው ይቅር ባይ ነው፤ ከአሮጌው ዲስክ ያነባል እንጂ ምንም አይጽፍበትም። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ የሚባክነው ጊዜ ብቻ ነው፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። አደጋ ያለው አሮጌው ዲስክ ላይ በሚጽፍ ማንኛውም ሥራ ነው። ከእነዚህ የተለመደው ፓርቲሽን የሚባለውን የዲስኩን ክፍል ማሳነስ ነው። የ500 ጊጋባይት ሀርድ ዲስክን ወደ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ማሻገር ሲፈለግ ነጻው ክሎንዚላ መድረሻው ከምንጩ አንሶ ሲያገኘው በተለመደው አሠራሩ እምቢ ይላል፤ ስለዚህ ፓርቲሽኑ አስቀድሞ እንዲጠብ ይደረጋል። ፓርቲሽን እየጠበበ መብራት ቢጠፋና የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ቢሆን ፋይሎቹም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ፣ ፎቶው አስቀድሞ በሌላ ዲስክ ይገለበጣል። ይህን እርምጃ ለጊዜ ቁጠባ ብሎ መዝለል የሰው ንብረት ላይ መድፈር ነው።

የዲስኩ ጤናም አስቀድሞ ይታያል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን የመሰለ ፕሮግራም የተበላሹ ወይም ለመነበብ የሚያስቸግሩ ሴክተሮች እንዳሉ ከነገረ፣ ተራ ክሎን አንዱ ሴክተር ላይ ተጣብቆ ዲስኩን ሊገድለው ይችላል። እንዲህ ላለው ዲዲሬስኪው አለ፤ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ያወጣና ወደ አስቸጋሪው በኋላ ይመለሳል። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ካለ ይፈታል፤ ቁልፉም ይመዘገባል።

አዲሱ ኤስኤስዲ በዩኤስቢ ማገናኛ ይያያዝና ግልበጣው ይጀመራል። 120 ጊጋባይት መረጃ በሴኮንድ 80 ሜጋባይት ቢያልፍ 25 ደቂቃ ይወስዳል፤ በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ወደብ ግን አንድ ሰዓት ይጠጋል።

ግልበጣው ሲያልቅ ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪው ይለያል፣ የማብሪያው ቁልፍም ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ ይያዛል። በበጋው ደረቅ አየር ሹራብ የለበሰ ሰው ሰውነቱ ላይ ኤሌክትሪክ ሊጠራቀም ስለሚችል አስቀድሞ ብረት መንካት ይገባል። ብሎኖቹ በየቀዳዳቸው ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይደረደራሉ፤ አጭሩ ቦታ የገባ ረጅም ብሎን የእጅ ማሳረፊያውን ከታች ወደ ላይ ይበሳዋል። ሀርድ ዲስኩን የያዘው የቆርቆሮ እቅፍ አይጣልም፤ ከአሮጌው ተፈትቶ ለአዲሱ ይታሰራል። ብዙዎቹ የ2.5 ኢንች ኤስኤስዲዎች ውፍረታቸው 7 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 9.5 ሚሊ ሜትር ለሆነ ዲስክ በተሠራ ቦታ ያለ እቅፍ ከገቡ ይላላሉ፤ ላፕቶፑ በተንቀሳቀሰ ቁጥርም ግንኙነቱ ይቋረጣል። የሳታው መሰኪያ ጫፉ የታጠፈ ስለሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል። አጋድሞ፣ ቀጥ አድርጎ መግፋት ነው፤ እምቢ ካለ ተመልሶ ማየት እንጂ ኃይል መጨመር ፕላስቲኩን ይሰብረዋል። ኤም ዶት ቱ ከሆነ በትንሹ ዘንበል ብሎ ይሰካና ተጫን ተደርጎ በአንዲት ብሎን ይታሰራል፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ይህች ብሎን ብዙ ጊዜ ጠፍታ ትገኛለች።

የመጀመሪያው ቡት አሮጌው ዲስክ ሳይያያዝ ይሁን፤ አለዚያ ማሽኑ ከየትኛው እንደተነሣ መለየት ያስቸግራል። ካልተነሣ ባዮስ ውስጥ የቡት ተራው ይስተካከላል፤ የሳታው አሠራር ግን እንደነበረ ይተዋል፣ እሱ ሲቀየር ዊንዶውስ ሊወድቅ ይችላልና። ከተነሣ በኋላ በዲስክ ማሻሻያው መስኮት አዲሱ ዲስክ ኤስኤስዲ ተብሎ መታወቁ ይረጋገጣል፤ ዊንዶውስ ትሪም የሚባለውን ጽዳት የሚልክለት ያኔ ነው። የተሻገረው ዊንዶውስ 10 ከሆነ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዳቆመ ለባለቤቱ ይነገራል።

ከዚያ ሰነዶቹ ባለቤቱ ባለበት ይከፈታሉ፣ የቆየ የአማርኛ ደብዳቤም በትክክል ታትሞ ይታያል። አሮጌው ዲስክ ቀን ተጽፎበት፣ ሳይጠረግ፣ ለባለቤቱ ይመለሳል። ቢያንስ አንድ ወር ያህል ምንም አይጻፍበትም፤ ጤናማ ከሆነ ከዚያ በኋላ በዩኤስቢ ሽፋን ገብቶ ለመጠባበቂያ ቅጂ ያገለግላል።