ያላዩትን መጥቀስ

የሌላውን ሐሳብ ያለ ምንጭ መውሰድ የተማሪዎቻችንን የመመረቂያ ጽሑፎች እያዳከመ መሆኑ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላተኩርበት የምፈልገው ግን ምንጭ ተጠቅሶም በሚፈጸም ኩረጃ ላይ ነው፤ ይኸውም ያላዩትን መጽሐፍ እንዳዩት አድርጎ መጥቀስ ነው።

ለአብነት የአፈወርቅ ገብረኢየሱስን ድርሰት እንውሰድ። መጽሐፉ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ሲታተም ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ በዋና ገጸ ባሕርይዋ ስም «ጦቢያ» የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ በዋቢ ዝርዝሩ «ጦቢያ፣ ሮም፣ 1908 ዓ.ም.» ብሎ ቢጽፍ አንዲቱ መስመር ሁለት ጊዜ ታጋልጠዋለች። የመጀመሪያውን እትም አይቶ ቢሆን ኖሮ ርዕሱን አይስትም ነበር። ዓመቱንም የዘመን አቆጣጠሩን ሳያገናዝብ ከሌላ ሰው ዝርዝር ስለገለበጠ የመጽሐፉን መታተም በስምንት ዓመት ያህል አዘግይቶታል። እሱን አምኖ የሚጠቅሰው ቀጣዩ ተማሪም ስሕተቱን ይወርሳል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ተማሪው ያነበበው ኋላ የወጣውን እትም ከሆነ የዚያኑ እትም ርዕስ፣ ዓመትና ገጽ ይጥቀስ። ስለ መጀመሪያው እትም ያወቀው ከሌላ አጥኚ ከሆነም «በእገሌ እንደተጠቀሰው» ማለት አያሳፍርም። ቃል በቃል የወሰደውን በትእምርተ ጥቅስ ይለየው፤ በራሱ አባባል የጻፈውም ቢሆን ሐሳቡ የሌላ ነውና ባለቤቱን ይጥቀስ።

ይህን ስል እኛን መምህራንን ከወቀሳ ነጻ ማድረጌ አይደለም። በአንድ ወቅት በአንድ ተማሪ ጽሑፍ ውስጥ ምንጩ ያልተጠቀሰ አንቀጽ አግኝቼ ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው፣ እኔው በክፍል ያደልኩትን ማስታወሻ አውጥቶ አሳየኝ። አንቀጹ ግን የእኔም አልነበረም፤ ከሌላ አጥኚ ወስጄ ስሙን ሳልጽፍ ያባዛሁት ነበር። ተማሪውን የምወቅስበት አፍ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ በማስታወሻዎቼ ግርጌ ምንጭ ሳልጽፍ አላድልም።

ዋቢ መጥቀስ ከውጭ የተቀዳ ደንብ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። የአጻጻፍ ሥርዓቱ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ቁም ነገሩ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በቅኔ ቤትም የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። ስለዚህ ተማሪውን ነጥቡና ሰረዙ የት እንደሚገባ ከማስተማራችን አስቀድሞ ያነበበውን ካላነበበው ለይቶ መናገርን እናስለምደው፤ ለዚህም መጀመሪያ እኛው እንልመድ።