ከገበቴው በታች

ለተግባር ልምምድ ወደ አሶሳ የሚመጡ የአካባቢ ምህንድስና ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁኝ አይመለሱም፦ «ለዚህ ሙያ እንደተፈጠሩ መቼ አወቁ?» አብዛኞቹ ወደ ትምህርት ክፍሉ የገቡት ሲቪል ምህንድስናው ስለሞላ ነው። እኔም የገባሁት በምርጫዬ አይደለም። ሙያ ግን ቅጽ ሲሞላ አይገኝም፤ የእኔን ያገኘሁት ውሃን ተከትዬ ወደ ታች ስወርድ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በአሶሳ ዙሪያ ባሉ የስደተኞች መጠለያዎች ነው። የውሃ ጣቢያው ላይ፣ ማከሚያው አጠገብ ክሎሪኑ ሁልጊዜ ልክ ነው፤ ሪፖርት የሚጻፈውም እዚያ በተለካው ነው። ጭንቁ ያለው ዳር ካለው የመጨረሻው ቦኖ ላይ ነው። የመለኪያዋን ጽላት ውሃው ውስጥ ጥለህ ሮዝ ቀለም ካልታየ፣ ክሎሪኑ መንገድ ላይ አልቋል ማለት ነው። ቦኖው ላይ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም መገኘት አለበት። ተገኘ እንበል፤ ውስጡ በአረንጓዴ አልጌ የተለበጠ ጄሪካን ደግሞ ቤት እስኪደርስ ያንኑ ይጨርሰዋል። የእኛን ሥራ ከሲቪል መሐንዲሱ የሚለየው ይህ ይመስለኛል፤ እሱ ውሃውን አድርሶ ይመለሳል፣ እኛ ከዚያ በኋላ ያለውን እንጠይቃለን።

ይህን በደንብ ያስተማረኝ ግን ወርቅ ነው። የቤኒሻንጉል ወርቅ የግብፁን ሙሐመድ ዓሊን ጦር ወደዚህ አካባቢ የሳበ፣ የአካባቢው ገዥ ሼኽ ኾጀሌም ለዳግማዊ ምኒልክ የገበሩት ነው። ዛሬም በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወረዳዎች ወንዶች ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ሴቶች በገበቴ ያጥባሉ። ገበቴውን ውሃው ላይ አጋድመው በእርጋታ ያዞሩታል፤ ቀይ አፈሩ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጥቁሩ አሸዋ እስከ መጨረሻው ይንገታገታል፣ ወርቁ ከሥር ይቀራል። የወርቅ ክብደት ከውሃ 19 እጥፍ ስለሚበልጥ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ዝቅጠት የተማርኩትን እነሱ በእጃቸው ያውቁታል።

ገበቴ ብቻውን ውሃውን ቢያደፈርስ ነው፤ ጭቃ ደግሞ ገንዳ ቆፍረህ ብታሳርፈው ይጠራል። ችግሩ ሜርኩሪ ነው። ከጥቁሩ አሸዋ ጋር ሲታሽ ደቃቁን ወርቅ ለቅሞ ነጭ እንክብል ይሆናል። እንክብሉ እሳት ላይ ሲቀመጥ ሜርኩሪው ይተናል፤ የሚተነውም ብዙ ጊዜ ቡና በሚፈላበት ከሰል ላይ፣ ልጆች አጠገብ ነው። ሽታ የለውም፤ ሰው የሚሸሸው ነገር የለም። ወንዝ ውስጥ የገባው ደግሞ ባክቴሪያ መልኩን ይለውጠውና ወደ ዓሣ ሥጋ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ የታወቀው የጃፓኗ ሚናማታ በሽታም የመጣው በሜርኩሪ የተበከለ ዓሣ ከመብላት ነበር። ወደ ዳቡስ ወንዝ የሚወርዱ ጅረቶች ዓባይ ይደርሳሉ፤ ዓባይም ጉባ ላይ ተገድቦ ንጋት ሐይቅ ሆኗል፣ ዓሣም ይጠመድበታል።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለን፤ ጥሩ አዋጅ ነው። ትልቅ ማዕድን ማውጫ ጥራዝ ሙሉ ሰነድ ያቀርብበታል። ገበቴዋን በራሷ ተሸክማ ለምትወርድ ሴት ግን ሰነድ የሚያዘጋጅላት የለም።

የሜርኩሪው መፍትሔ ከባድ ቴክኖሎጂ አይደለም፦ እንክብሉ የሚቃጠልበት ዝግ የብረት ዕቃ፣ ከላዩ የሚወጣ ቀጭን ቧንቧ፣ ቧንቧውን የሚያቀዘቅዝ ውሃ። ትነቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ አብዛኛው ሜርኩሪም ለሚቀጥለው ጊዜ ይተርፋል። አሳምሬ አስረድቼ ስጨርስ አንዲት እናት በአስተርጓሚ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ክዳኑ ሲዘጋ ወርቄን ማን ያይልኛል?»

ልክ ናቸው። ክፍት እሳት ላይ ነጩ ወደ ቢጫ ሲዞር እያዩ ነው መብሰሉን የሚያውቁት፤ ደግሞም ያልታየ ወርቅ በገበያው እንደተሰረቀ ነው። በሌሎች አገሮችም አምራቾች ዝግ ብረቱን የሸሹት ለዚሁ ነው፤ ስለዚህ መስታወት ያለው ተሠራላቸው፤ መስታወት ግን ይሰበራል። እኛ አሁን ከአንድ ብየዳ ቤት ጋር የምንነጋገረው ስለ ብሎን ነው፦ ክዳኑን የወርቁ ባለቤት ራሷ እንድታጠብቀው፣ ራሷ እንድትፈታው። ባለሙያው ብሎኑ በሙቀት እንዳይነክስ እየሞከረ ነው።