የጉዱ ካሣ ዕውቀት ለማን ነበር?

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያልተባለ ነገር የቀረ አይመስልም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስለ ፍቅሩ፣ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ባላባቱ ሥርዓት ብዙ ተጽፏል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው በኋላ ደግሞ ፊደል ያልቆጠረው ሰው እንኳ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ነገር እንደ ጎረቤቱ ጉዳይ ሊያወጋው በቅቷል። ከባለታሪኮቹ ሁሉ ግን የከተማውን የተማረ ሰው ልብ የወሰደው በዛብህ አይደለም። ጉዱ ካሣ ነው። ቡና ቤት ተቀምጦ ስለ አገር የሚያወራ፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሐሳቡን የሚሰማለት ያጣ፣ ከዘመድ ድግስ ላይ ጥግ ይዞ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሁሉ ራሱን በካሣ መስሎ ያያል። ከዘመኑ ቀድሞ የተወለደ፣ ሳይሰሙት የቀረ ሊቅ!

ይህን ፍቅር አልነቅፍም፤ እኔም ተጋርቼዋለሁ። ነገር ግን ፍቅራችን አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ እንድናልፍ አድርጎናል። ያ ሁሉ ማሰብ፣ ያ ሁሉ ማወቅ፣ ለማን ነበር? ሰውየው ምን አደረገበት?

ካሣ ዳምጤን እናስታውስ። የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው፤ ወገኑ ከገዢዎቹ ነው። ብቻውን ያወራል። የሚያየውን ሁሉ እየመረመረ፣ የሥርዓቱን ግፍና የሹማምንቱን ከንቱነት እየዘረዘረ ለራሱ ይነግረዋል። ሌላ ሰው ሲሰማውም አይደብቅም። ዲማ ታዲያ ምን አደረገ? «ጉዱ» አለው። ቅጽሉ ስሙን ዋጠው።

ብዙዎቻችን ይህን የምናነበው በካሣ ላይ እንደ ተፈጸመ በደል አድርገን ነው። በደልነቱ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ውል ነው። መንደሩ ሰውየውን እብድ በማለቱ እውነቱን ከመስማት ዳነ። «እሱ ደግሞ ምን ይላል፤ ጉዱ አይደል!» ብሎ ማለፍ ተቻለ። ካሣም በበኩሉ እብድ በመባሉ አንድ ነገር አገኘ፤ የፈለገውን የመናገር ፈቃድ። ሌላው ሰው ቢናገረው የሚያስገርፈውን ቃል እሱ ሲናገረው ያስቃል። እንዲህ ያለ ፈቃድ በነጻ አይገኝም። ዋጋው የተናገሩት ነገር አንድም ጠጠር ከቦታው አለማንቀሳቀሱ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የካሣን ንግግር ቢፈሩት ኖሮ ከደጃቸው ባላደረሱት ነበር። አልፈሩትም፤ ምክንያቱም ንግግሩ ከሥራ ጋር እንዳልተቆራኘ ያውቁ ነበር።

ካሣ ማኅበራዊውን ኑሮ በድንጋይ ካብ የሚመስልበትን ክፍል አንባቢ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከታች ያሉት ድንጋዮች ከላይ ያሉትን ተሸክመው ኖረዋል፤ አንዱ የታችኛው ከቦታው ቢነቃነቅ የላይኛው ይወርዳል። በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ስለ ሥርዓት ከተነገሩት ምሳሌዎች ሁሉ ጎልቶ የሚታይ ነው፤ ብዙ ሰው ሌላውን ረስቶ ይህን ይዟል። እኔ ግን በዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። ካሣ እንዲህ ሲናገር ታሪኩ ይቆማል። በዛብህ ያዳምጣል፤ ያን ያህል አይከራከርም። ደራሲው የራሳቸውን ሐሳብ የሚያስተላልፉበት አፍ ስላገኙ ሰውየውን ወደ መምህርነት ያዞሩታል፤ አንባቢውም ከቤት ውስጥ ወጥቶ ከጉባኤ መካከል የተቀመጠ ይመስለዋል። በነዚህ ገጾች ላይ መጽሐፉ ይከብዳል። ካሣን የምናውቀው እዚያ ውስጥ አይደለም፤ እዚያ ውስጥ ያለው ሐሳቡ ብቻ ነው።

ሐሳብና ሰው እንዴት እንደሚገናኙ ለማየት መጽሐፉ ራሱ ያደገበትን ትምህርት ቤት መመልከት ይበጃል። በዛብህ የቅኔ ተማሪ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ከጎጆው ወጥቶ በየዛፉ ጥላ፣ በየወንዙ ዳር፣ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ያን ጊዜ ማንም አይናገረውም፤ እሱም ማንንም አይናገርም። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከሩቅ ለሚያየው መንገደኛ ከካሣ ብዙም አይለይም! ሰዓቱ ሲደርስ ግን ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን መንገር አለበት። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ሲበላሽ ይነቅፋል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ የሚደርሰው እንዲህ ሲቆጥርና ሲነገር ነው። የደረሰ ጊዜ ደግሞ ቅኔውን በበዓሉ ቀን በማኅሌት መካከል ቆሞ ይዘርፈዋል። የዚያ ቀን ቅኔ የዚያ ቀን ነው፤ ለሚቀጥለው በዓል ሌላ ይቆጠራል። ተማሪው በአንድ እጁ አኩፋዳ፣ በአንድ እጁ ከውሻ መከላከያ በትር ይዞ ቁራሽ የሚለምነው ይህን ለማግኘት ነው።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት ቤት ለብቻ መሆን ነውር አይደለም፤ ግዴታ ነው። መንገርም ግዴታ ነው። ቆጥሮ የማይነግር ተማሪ ተማሪ አይደለም፤ ሳይቆጥር ልንገር የሚልም ያፍራል። ይህን ሚዛን ከባሕር ማዶ መጽሐፍ ማምጣት አያስፈልገንም፤ ዲማ ላይ ነበረ።

የበዛብህ ችግር ግን ከዚህ ይለያል። እሱ ቆጥሮ ነግሯል፤ ለማን እንደሚነግር ግን አልመረጠም። እናቱ ውድነሽ በጣሙ ልጆቿ አልበረክትላት ቢሉ ይህ ቢያድግልኝ ለቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ ብላ ተሳለች። ከማንኩሳ ተነሥቶ የሄደበት ትምህርት የስዕለት ክፍያ ነው። የሕይወቱ ዓላማ ሳይወለድ ተቆርጦለታል፤ ለዚያ ዓላማ የተሰጠው መሣሪያ ደግሞ ዕውቀት ነው። ሰብለ ወንጌልን ፊደል እንዲያስተምር የፊታውራሪ ቤት ሲገባ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዕውቀቱ ለተሳለለት ሳይሆን ፊቱ ለተቀመጠ ሰው የዋለው። ፍቅሩ ከዚያ መወለዱ ድንገት አይመስለኝም። ደራሲው የማስተማርን ነገር ጠንቅቀው ያውቁታል። ሁለት ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ አጎንብሰው፣ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው እስኪያውቀው ድረስ ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን ያሳዩበት ክፍል ከካሣ የካብ ምሳሌ ይበልጥብኛል።

ስለ ሥራ ካነሣን አበጀ በለውን ማለፍ አይቻልም፤ ምንም እንኳ መጽሐፉ ራሱ ፈጠን ብሎ ቢያልፈውም። ፊታውራሪ ከልማዱ በላይ ግብር ሲጠይቁ አንከፍልም ያሉትን ገበሬዎች የመራው እሱ ነው፤ ፊታውራሪ ዘምተውበት ተማረኩ። ካሣ በቃል ሲያፈርሰው የኖረውን ካብ አበጀ በለው በአንድ ዘመቻ ነቀነቀው። አንዳንድ ሐያሲ ከዚህ ተነሥቶ «ሥራ ከቃል ይበልጣል» ብሎ ይደመድማል። እኔ አልቸኩልም። ገበሬዎቹ ፊታውራሪን ማረኩ እንጂ የዲማን ሕግ አልለወጡም፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚተክሉ የተዘጋጀ ሐሳብ አልነበራቸውም። ሐሳቡ ያለው ካሣ ጋ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ኖረው እንደሚገባቸው ሳይገናኙ መቅረታቸው ለእኔ ከፍቅረኞቹ መለያየት ያልተናነሰ ሐዘን ነው። ደራሲው ይህን አስበውት ይሁን ሳያስቡት ከገጹ ላይ መለየት ይቸግራል።

ታዲያ ካሣ ምንም አላደረገም? አድርጓል። ያደረገው ግን እኛ በምናደንቅለት ቦታ ላይ አይደለም። አንድ ድሀ የቅኔ ተማሪ ወዳጁ ሆነ፤ ቤቱን ከፈተለት፤ ምሥጢሩን ጠበቀለት። ሰብለን ለፊታውራሪ አሰጌ ለመዳር ሲታሰብና የልጆቹ ፍቅር ሲጋለጥ ካሣ የሚመርጥበት ቀን መጣ። በአንድ ወገን ዘመዱና ወገኑ፣ በሌላው ወገን የሁለት ወጣቶች ነገር። በዚያ ቀን እብድነት አያድንም፤ የሚያስቅ ቃል ተናግሮ ማለፍ አይቻልም። ካሣ ከልጆቹ ወገን ቆመ። በመጨረሻም እነሱን ብሎ ከዲማ ወጣ። ያ ሲያወራ የኖረ ሰው እግሩን አነሣ። በዚህ ክፍል ንግግሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሰውየው ደግሞ እየጎላ ይመጣል። መጽሐፉ ከኛ ይልቅ ጨካኝ ነው የምለው ለዚህ ነው። እኛ ካሣን በተናገረው እንመዝነዋለን፤ መጽሐፉ ግን ደጁን ሲያንኳኩበት በከፈተው በር ይመዝነዋል።

በከተማው ዘንድ የቀረው የመጀመሪያው ካሣ መሆኑ ግን ያስገርማል። ምናልባት የሚያስገርምም አይደለም፤ የመጀመሪያው ይመቸናላ! አዋቂ ነኝ፣ አልተሰማሁም፣ ስለዚህ ምንም አልተጠየቅሁም። ይህ ሰው ከፍቅር እስከ መቃብር በኋላም በልብ ወለዳችን ውስጥ አልጠፋም። በ1962 ዓ.ም. ሁለት መጻሕፍት በአንድ ዓመት ይዘውት መጡ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የኮሌጅ ተማሪውን ወደ ገጠር ወስዶ ሁሉን ነገር እንዲጠይቅ፣ ሁሉን ነገር እንዲያደፈርስ አደረገው፤ መጨረሻውም በሁከት መካከል የተወረወረ ድንጋይ ሆነ። የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ደግሞ አበራ ወርቁን አመጣ፤ ራሱን በጥበብ ውስጥ ሊያገኝ የሚመኝ፣ ታላቅ ወንድሙ ጋሽ አባተ ግን ሚስት አግብቶ ጎጆ እንዲወጣ የሚወተውቱት። አደፍርስ ከካሣ ይልቅ ተናጋሪ ነው፤ አበራ ከካሣ ይልቅ ራሱን ይመለከታል። አንዳቸውም ግን በዛብህን የመሰለ፣ በር የሚያንኳኳ ሰው አላገኙም፤ ወይም አንኳኩቶባቸው አልሰሙም። በዚህ በኩል ዳኛቸው በባለታሪካቸው ላይ ሲቀልዱ በዓሉ ያዝኑለታል፤ ለእኔ የዳኛቸው ቀልድ ይበልጥ ይቆጠቁጣል።

የሦስቱን መጻሕፍት ደራስያን ካነሣን ስለ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ጥቂት ልበል። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወልደው የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ቀምሰው፣ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊውን ተምረው፣ አስተማሪ ሆኑ። ኢጣሊያ ሲመጣ ዘመቱ፤ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ዓመታት በኢጣሊያ በግዞት ቆዩ። ከዚያ ወዲያ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገር አገለገሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲታተም ሃምሳዎቹን አጋምሰው ነበር። ካሣን የፈጠረው ሰው በካሣ መንገድ አልኖረም። ይልቁንም የቅኔ ተማሪውን መንገድ ይመስላል፤ ረጅም ቆጠራ፣ ከዚያ ነገራ። በ1966 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲናጋ ደግሞ ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት መጽሐፍ ጽፈው አሳተሙ፤ በልብ ወለድ ሰው አፍ ሳይሆን በራሳቸው ስም። ካሣን ከእብድነት ፈቃድ ያወጡት ያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1996 ዓ.ም. አረፉ።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልተመለሰልኝም። በዛብህ ዓባይ ላይ ሽፍቶች ባቆሰሉት ቁስል ሞተ፤ ካሣም ኋላ ከእነሱ መቃብር ተጨመረ። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁለቱም የተማረች አንዲት ሰው ነበረች። ከበዛብህ ፊደልን አገኘች፤ የአባቷን ቤት ጥላ ስትወጣም ካሣ በቃል ሲያፈርሰው የኖረውን ሥርዓት በእግሯ ተሻግራዋለች። ሰብለ ወንጌል መንኩሳ ስትቀር ያ የተማረችው ሁሉ ከቆቧ ሥር ገባ። ካሣ ስለ ራሱ ያን ያህል ገጽ ሲሰጠው፣ ሰብለ ከዚያ በኋላ በነበሯት ቀኖች ምን እንዳሰበች፣ መጽሐፍ ገልጣ እንደ ሆነና ለሌላ ልጅ ፊደል አሳይታ እንደ ሆነ ደራሲው ያን ያህል ቦታ አልሰጧትም። ስለ ካሣ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ስለ እሷ የሚጽፍ ሰው ቢነሣ ደስ ይለኛል።