አምስት ሴንቲ ሜትር

በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ስፋት አለው። ዙሪያውን የሚያጥረው መስመር ግን ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በእግር ኳስ መስመሩ የሜዳው አካል ስለሆነ ኳሷ ሙሉ በሙሉ እስካላለፈችው ድረስ ጨዋታው ይቀጥላል፤ የተጫዋቹ እግር የት እንዳረፈም ማንም አይጠይቅም። በቅርጫት ኳስ ግን መስመሩ ራሱ ውጭ ነው። ኳስ የያዘ ተጫዋች የጫማው ጠርዝ መስመሩን ከነካ አውት ነው፣ ኳሱም ለተጋጣሚው ይሰጣል። ይህን የሚወስነው ዳኛ ራሱም እየሮጠ ነው፤ የሚያየውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የዳኛው ጥበብ የሚጀምረው ከአቋቋሙ ነው። ከሜዳው መሃል ወደ ጎን መስመሩ የሚመለከት ዓይን ይታለላል። ጫማው መስመሩን ስለሚጋርድ ሁለት ጣት ያህል የቀረው እግር የረገጠ ይመስላል። ዓይኑን በመስመሩ ርዝመት የዘረጋ ዳኛ ግን በጫማውና በቀለሙ መካከል የቀረችውን ቀጭን የወለል ክፍተት ያያል። ስለዚህ ጎበዝ ዳኛ ኳሱ ወደ ጥግ መሄድ ሲጀምር ቀድሞ ሁለት ሦስት እርምጃ ይወስድና ያን እይታ ያገኛል። ተመልካቹ እነዚያን እርምጃዎች ልብ አይላቸውም፤ ፍርዱ የሚቃናው ግን በእነሱ ነው።

ሥራውም በክፍፍል ነው። ሁለት ዳኞች በሚመሩት ጨዋታ ቅርጫቱ ሥር የቆመው የጀርባውን መስመርና አንዱን የጎን መስመር ይይዛል። ከኋላ የሚከተለው ሌላኛውን የጎን መስመርና የመሃሉን መስመር ይጠብቃል። አንዱ በሌላው መስመር ላይ ፊሽካ ለመንፋት አይቸኩልም፤ ቅርብ ያለው የተሻለ እንደሚያይ ያምናል።

ከሁሉ የሚከብደው ዓይንን ከኳስ መንቀል ነው። ተጫዋች በጎን መስመሩ ጥግ ኳስ እያነጠረ ሲሮጥ፣ ተከላካዩም አብሮት ሲጣበቅ፣ ዳኛው በአንድ ቅጽበት ሁለት ጥያቄ ይመልሳል። እግሩ መስመሩን ነካ ወይ? ከነካስ በራሱ ነው ወይስ ተገፍቶ? ተከላካዩ በዳሌው ወይም በክንዱ ገፍቶ ካስወጣው ጥፋቱ የተከላካዩ ነው። ወለሉን ብቻ ያየ ዳኛ የተበደለውን ይቀጣል፤ ትከሻን ብቻ ያየ ደግሞ መስመሩ ያመልጠዋል።

ሕጉ ራሱ ውበት አለው። በአየር ላይ ያለ ተጫዋች የሚቆጠረው ከመዝለሉ በፊት ወለሉን በነካበት ቦታ ነው። ከሜዳው ውስጥ ተነስቶ ከመስመሩ ባሻገር የተንሳፈፈ ሰው ኳሱን ይዞ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ ወደ ውስጥ ከመለሰው ጨዋታው ሕጋዊ ነው። ኳሱም ቢሆን ከመስመሩ በላይ አየር ላይ በመሆኑ ብቻ አልወጣም። እንዲህ ያለው የማዳን ዝላይ አዳራሹን ሲያስነሳ ዳኛው መጀመሪያ የተነሳውን እግር፣ ቀጥሎ ኳሱ ከእጅ የወጣበትን ቅጽበት፣ በመጨረሻም ያረፈውን እግር በቅደም ተከተል ይይዛል። ሁሉም ከተስተካከለ ፊሽካውን አይነፋም። ያ ዝምታ እንደ ማንኛውም ፊሽካ የተመዘነ ውሳኔ ነው።

ለዚህ ሁሉ ምሳሌ እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 2013 በማያሚ የተደረገውን የኤንቢኤ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ አነሳለሁ። ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ 95 ለ 92 እየመራ ዋንጫው ጫፍ ደርሷል። የማያሚ ሂቱ ሌብሮን ጄምስ የወረወረው ሲመለስ የቡድን ጓደኛው ክሪስ ቦሽ ኳሱን ቀልቦ ለሬይ አለን አቀበለ። አለን ወደ ኋላ እየተራመደ ወደ ቀኙ ጥግ ገባ፣ ዘለለ፣ ወረወረ። 5.2 ሰከንድ ሲቀር እኩል ሆኑ። ማያሚ ሂት በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ 100 አሸነፈ፣ በሰባተኛውም ጨዋታ ዋንጫውን ወሰደ። በኤንቢኤ ሜዳ ጥግ ላይ በሦስት ነጥቡ መስመርና በጎን መስመሩ መካከል ያለው ስፋት 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከፊት ያለውን መስመር ቢረግጥ ሁለት ነጥብ ብቻ፣ ከኋላ ወይም ከጎን ያለውን ቢነካ ምንም አይሆንም ነበር። አለን ይህንን ወደ ኋላ የሚወሰድ እርምጃ ለዓመታት ተለማምዶታል፤ እግሩን ማየት አላስፈለገውም። እግሩን የማየቱ ኃላፊነት የዳኞቹ ነበር። ነጥቡን አጸደቁ፣ ከዚያም ቪዲዮው አረጋገጠላቸው።

ካሜራ ዛሬም በሁሉም ቦታ አይደርስም። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ ዳኞቹ ኳሱን ማን እንዳስወጣው በራሳቸው ውሳኔ በቪዲዮ መመልከት የሚችሉት በአራተኛው ሩብ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃና በተጨማሪ ሰዓት ነው። ዳኞቹ መጨረሻ ማን እንደነካው ከተጠራጠሩ ወይም ካልተስማሙ ኳሱ በተራ ለሚደርሰው ቡድን ይሰጣል፤ ዳኛ ያላየውን እንዳየ አድርጎ እንዲፈርድ አይገደድም። ከእነዚያ ደቂቃዎች ውጭ ያለው ጨዋታ ግን በአብዛኛው በሰው ዓይን ላይ ያርፋል።

የችኩል ዳኛ ፊሽካ ከሜዳው ላይ ይቆርጣል፤ የዘገምተኛው ዝምታ የሌለ ሜዳ ይጨምራል። ተጫዋች እስከ መጨረሻዋ ጣት ደፍሮ የሚሮጠው፣ ከመስመሩ ባሻገር የሚወረወረው፣ 15 ሜትሩን በሙሉ የሚጠቀመው ዳኛውን ሲያምን ነው። ይህን እምነት በየጨዋታው የሚያተርፍ ዳኛ እንደ ምርጥ ወርዋሪ ሊደነቅ ይገባዋል።