የባዶ አዳራሽ ፎቶግራፍ እንዴት ይመዘናል

ሰው ለመዝናናት ብሎ ያነጸው ቤት ሰው በሌለበት ሰዓት ሲታይ ዓይንን የሚስብ አንዳች ነገር አለው፤ ከዚህም የተነሣ ባዶ ትያትር ቤት፣ ባዶ የመዋኛ ገንዳ፣ ባዶ የጭፈራ አዳራሽ ማንሣትን ሙያዬ ብለው የያዙ ፎቶግራፍ አንሺዎች በየአገሩ በዝተዋል። ነገር ግን የቤቱ ባዶነት ብቻውን ለሥራው ክብር አይሆነውም፤ ማለዳ ከዘበኛው ቁልፍ ተቀብሎ የገባ ሁሉ ባዶ አዳራሽ ማንሣት ይችላልና። ሥራውን ለመመዘን የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህ ባዶነት ከምን እንደ መጣ ነው፤ ለዚህም ጥያቄ ከጃፓናዊው ከሂሮሺ ሱጊሞቶ የሲኒማ ቤት ፎቶግራፎች የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

ሱጊሞቶ እ.ኤ.አ. በ1948 በቶኪዮ ተወልዶ፣ በ1970 ከአገሩ ወጥቶ፣ በሎስ አንጀለስ ፎቶግራፍ ከተማረ በኋላ በኒው ዮርክ ተቀመጠ፤ በዚያም ሳለ አንድ ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንዲት ፎቶግራፍ ቢያዝ ምን ሊታይ እንደሚችል በሐሳቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ቆይቶ፣ ካሜራውን ይዞ ወደ አንድ የሰፈር ሲኒማ ቤት ገባ፤ ፊልሙ ሲጀምር የካሜራውን መዝጊያ ከፈተ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ዘጋው። በሰከንድ 24 ምስል የሚያልፍበት የሁለት ሰዓት ፊልም 172,800 ምስል ነው፤ ይህም ሁሉ ፍቅርና ጠብ፣ ሳቅና ለቅሶ በአንድ ኔጌቲቭ ላይ ሲደራረብ፣ ብርሃን በብርሃን ላይ እየተጨመረ ምስሉ ሁሉ ጠፍቶ በሲኒማው ሸራ ላይ ነጭ ጸዳል ብቻ ቀረ። በአዳራሹ ተመልካች ቢኖር እንኳ፣ በጨለማ ውስጥ የሚነቃነቅ ሰው ለሁለት ሰዓት በተከፈተ መዝጊያ ፊት ምልክት ሳይተው ያልፋል። እንግዲህ የዚህ ባዶነት ምንጩ የጊዜው ርዝመት ነው፤ የሥራውም ልዕልና ከዚህ ይጀምራል።

ብዙ ሰው ነጩን ሸራ አይቶ ይረካል፤ ዐዋቂ ግን ዓይኑን ወደ ጠርዙ ይወስዳል። ብርሃን ኔጌቲቩን ሲያጠግበው ወደ ጎን መፍሰስ ጠባዩ ነውና፣ በደካማ እጅ የተሠራ እንደ ሆነ ጠርዙ እንደ ጉም ይበተናል፤ በ1978 በተነሣው በኒው ዮርኩ የዩ.ኤ. ፕሌይሃውስ ሲኒማ ቤት ፎቶግራፍ ግን ሸራው ጥርት ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል። ነጭነቱም ቢሆን በሁሉ ዘንድ አንድ አይደለም፤ ሱጊሞቶ ራሱ እንደ መሰከረው ደስታ የሞላበት ፊልም ሸራውን አብዝቶ ያነጣዋል፣ ሐዘን የበዛበት ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ሁለት ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን አቁሞ የነጭነታቸውን ልዩነት መለየት የዓይን ልምምድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ግን የብርሃኑ አመጣጥ ነው። አዳራሹን የሚያበራው ከሸራው የተመለሰው ብርሃን ስለ ሆነ፣ በሸራው አጠገብ ያለው የጄሶ ጌጥ እያንዳንዱ ቅጠሉ እስኪቆጠር ጎልቶ ይወጣል፣ ግድግዳው ወደ ካሜራው እየቀረበ በሄደ መጠን ብርሃኑ ይደክማል፤ ካሜራውም ከኋላ ወይም ከሰገነት ስለሚመለከት የወንበሮቹ ጀርባ ጨልሞ የላይኛው ጫፋቸው ብቻ ቀጭን የብርሃን ክር ይይዛል። ጣራው ከዳር እስከ ዳር እኩል የበራበት፣ የወንበሩም ጀርባ ፈክቶ የሚታይበት ፎቶግራፍ ቢያጋጥም፣ ሸራው በኋላ በእጅ እንደ ነጣ መጠርጠር ይገባል። ጽልመቱም ሙት ጥቁር እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ በትልቅ ኔጌቲቭ ተነሥቶ የብር ጨው በተቀባ የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ በጥንቃቄ የታጠበ ሥራ፣ ዓይን ጥቂት ሲታገሥ ከጥቁሩ ውስጥ ሌላ ጥቁር፣ ከዚያም ውስጥ የወንበር ክንድ ያሳያል። ይህን ረቂቅ ነገር የመጽሔት ኅትመት ይበላዋል፣ የስልክ መስተዋትም ፈጽሞ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ዋናውን ሳያይ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ግማሹን እንኳ አላየም።

የጀርመናዊቱን ፎቶግራፍ አንሺ የካንዲዳ ሆፈርን ባዶ ትያትር ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት በዚህ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም፤ የእርስዋ ሥራ በቀለምና በቤቱ ባለው ብርሃን የቆመ ስለ ሆነ ሌላ መመርመሪያ ይሻል።

ሱጊሞቶ በኋለኛው ዘመኑ ወደ ፈረሱ ሲኒማ ቤቶች ገብቶ፣ አዲስ ሸራ ወጥሮ፣ ፊልም ራሱ እያሳየ አንሥቷል፤ በ2015 የተነሣው የኒዋርኩ ፓራማውንት ከእነዚህ አንዱ ነው። ብዙዎች ያደንቋቸዋል፤ እኔ ግን የተላጠ ጣራና የረገፈ ጄሶ ገና ሳይመረመር ልብን ስለሚያባባ፣ ፎቶግራፉ ያተረፈው ሐዘን የማን እንደ ሆነ፣ የአንሺው ወይስ የፍርስራሹ፣ ለመለየት እቸገራለሁ። ሰዎች ከመኪናቸው ሳይወርዱ ፊልም በሚያዩበት ሜዳ በ1993 ያነሣውን የዩኒየን ሲቲን ፎቶግራፍ ከእነዚያ አስበልጣለሁ፤ በዚያ ጣራ የለም፣ የሚያለቅስ ፍርስራሽም የለም፤ ከነጩ ሸራ በላይ በሌሊቱ ሰማይ ያለፉት አውሮፕላኖች መብራታቸው እንደ ተሰመረ ቀጭን መስመር ሆኖ ቀርቷል፣ መዝጊያው ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ እንደ ቆየም የሚመሰክረው ይኸው መስመር ነው።